የሰሜን ቨርጂንያ ትምህርት ቤቶች፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ልጅ ለማስመዝገብ ለምትሯሯጡ ወላጆች ስለ መንግሥት ትምህርት ቤቶች የማውቀውን ልመልስ። ጠይቁ።

አድራሻችን አሌክሳንድሪያ ይላል። ልጃችን አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ይገባል ማለት ነው?
አይደለም፣ ቆይ። ፖስታ ቤቱ አሌክሳንድሪያ የሚለው ሰፈር ብዙው ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ቨርጂንያ ውስጥ ከተማ የካውንቲ አካል አይደለም፤ ራሱን የቻለ አስተዳደር ነው፤ የትምህርት ዲስትሪክቱም እንደዚያው። ግራ ከገባችሁ የመኪና ታክሱ ለማን እንደሚከፈል እዩ፤ ልጁም አብዛኛውን ጊዜ የሚማረው እዚያው ነው። ከዚያ የቤት ቁጥሩን ዲስትሪክቱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። መንገድ ማዶ ያለው ጎረቤታችሁ ሌላ ትምህርት ቤት ሊደርሰው ስለሚችል በእሱ አትመሩ። የቤት ኪራይ ውል (ሊዝ) ከመፈረም በፊት ነው ታዲያ!

ፎልስ ቸርችስ?
ያው ነው፤ አድራሻው ፎልስ ቸርች ሆኖ ትምህርት ቤቱ የፌርፋክስ የሆነ ሞልቷል። የከተማው የራሱ ዲስትሪክት ግን ትንሽ ነው፦ ማውንት ዳንኤል እስከ 2ኛ ክፍል፣ ኦክ ስትሪት ከ3ኛ እስከ 5ኛ፣ ሜሪ ኤለን ሄንደርሰን ከ6ኛ እስከ 8ኛ፣ ከዚያ መሪዲያን ሃይስኩል፣ እስከ 2021 ጆርጅ ሜሰን ይባል የነበረው። መዋዕለ ሕፃናቱን ጨምሩና አለቀ።

ከአርሊንግተን ወደ ፌርፋክስ ልንቀይር ነው። ልጄ 6ኛ ክፍል ነው።
እንግዲህ ማኩረፉ አይቀርም። አርሊንግተን ሚድል ስኩል ከ6ኛ ይጀምራል፤ ፌርፋክስ ግን አብዛኞቹ ኤለመንተሪዎች እስከ 6ኛ ስለሚሄዱ ወደ ኤለመንተሪ ይመለሳል። እንደ ሮቢንሰንና ሌክ ብራዶክ ያሉት ደግሞ ከ7ኛ እስከ 12ኛ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው።

ቲጄ ማን መግባት ይችላል?
ቲጄ ማለት ቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሃይስኩል ነው፤ የሚገባውም በማመልከቻ ነው። ከፌርፋክስ፣ ከአርሊንግተን፣ ከላውደን፣ ከፕሪንስ ዊልያምና ከፎልስ ቸርች ከተማ ይቀበላል። አሌክሳንድሪያ ከተማ የለበትም። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ሙጭጭ ያልኩት ለዚህ ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀታችን ገና ነው። ይጠይቁናል?
አይጠይቁም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ወረቀት የሌለውም ልጅ በነፃ የመማር መብት እንዳለው ወስኗል። የሚፈልጉት የመኖሪያ ማረጋገጫ፣ የልጁን የልደት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድና የሐኪም ምርመራ ነው። ዘመድ ቤት ከሆናችሁ ለዚያ የሚሞላ ፎርም አለ፤ የቤቱ ባለቤት ይፈርማል።

ኪንደርጋርተን በስንት ዓመት?
በፈረንጆቹ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 5 ዓመት ከሞላው ይገባል።