በቱሉ ጉዶ ደሴት ጎጆ ውስጥ ስለ ማደር፦ ጥያቄና መልስ

አዳማ ውስጥ በየወሩ አንድ እሑድ አብረን በእግር የምንጓዝ ሰዎች አለን። ባለፈው ጉዟችን ላይ ዝዋይ ሐይቅ መካከል ወዳለችው ቱሉ ጉዶ ደሴት ስድስት ጊዜ ሄጄ በሣር ክዳን ጎጆ ማደሬን ስናገር ጥያቄው ከየአቅጣጫው ስለበዛብኝ፣ የምትፈልጉትን በወረቀት ጽፋችሁ እንድትሰጡኝ ለምኜ ነበር፤ መልሶቼ እነሆ። ሙያዬ የሕክምና ላብራቶሪ ስለሆነ ውኃን የሚመለከቱት ጥያቄዎች ላይ ረዘም ብዬ መቆየቴን ከወዲሁ እገልጻለሁ። በእኔ ግምት በደሴቲቱ ላይ ሰውን የሚፈትነው ጎጆው ሳይሆን ዙሪያውን ያለው ውኃ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአዳማ በስንት ሰዓት ብንነሳ ይሻላል? በአንድ ቀን ደርሶ ማደር ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን አልመክርም። ከአዳማ በሞጆና በመቂ በኩል ባቱ፣ ማለትም የቀድሞዋ ዝዋይ ከተማ፣ ድረስ ያለው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ በየብስ በኩል ያለው ጉዞ የሚያስጨንቅ አይደለም። የሚያስጨንቀው የሐይቁ ነፋስ ነው። ዝዋይ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 9 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን አብዛኛው ክፍል ከዚያ በጣም ያንሳል። እንዲህ ያለ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ በነካው ቁጥር አጫጭርና ተደጋጋሚ ማዕበል ፈጥኖ ስለሚያነሳ፣ ጠዋት እንደ መስተዋት ተኝቶ ያያችሁት ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ጀልባውን እያላጋ ልብሳችሁን ሊያበሰብሰው ይችላል። ስለዚህ ዋዜማውን ባቱ አድራችሁ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ብትሳፈሩ ይሻላል። የጀልባው ጉዞ እንደ ሞተሩ አቅምና እንደ ነፋሱ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ከመሳፈራችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ ተመልከቱ፤ «አለ» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ።

ጥያቄ፦ ጎጆው በውስጡ ምን አለው? አልጋ፣ መብራት፣ መታጠቢያ?

መልስ፦ እኔ የማርፍበት ጎጆ የአንድ ቤተሰብ ነው። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ መካከሉ ላይ አንድ ምሰሶ የቆመበት ክብ ቤት ሲሆን አልጋው ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ የጭቃ መደብ ነው። በመደቡ ላይ ሰሌን ይነጠፍላችኋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ምቾት ይዛችሁ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። መብራት የለም፤ መታጠቢያም የለም። መጸዳጃው ከጎጆው ሠላሳ እርምጃ ያህል የሚርቅ ጉድጓድ ስለሆነ በራስ ላይ የሚታሰር ባትሪ ያስፈልጋል። ቁንጫ ይኖራል፤ አይጥ ደግሞ በእርግጥ አለ። በመጀመሪያው ሌሊቴ የዳቦዬን ግማሽ የበላችው አይጥ ስትጨርስ ክዳኑ ውስጥ ገብታ እስኪነጋ ስትንኮሻኮሽ አድራለች። ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ለሚያጨማድዱ ወዳጆቼ ባቱ ከተማ ውስጥ በቂ ሆቴሎች እንዳሉ አስታውሳለሁ።

ጥያቄ፦ የሐይቁን ውኃ አፍልተን ብንጠጣ በቂ ነው?

መልስ፦ ማፍላት በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይገድላል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1636 ሜትር ላይ ስለሚገኝ ውኃው የሚፈላው በ95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ቢሆንም ከ2000 ሜትር በታች ባለ ቦታ ተንተክትኮ ለአንድ ደቂቃ ያህል የፈላ ውኃ ከበሽታ አምጪዎች የጸዳ ይሆናል። ውኃው ደለል ያለበት ስለሆነ አስቀድሞ ንጹሕ ነጠላ በመሰለ ጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል። «ውኃ አጋር» የሚባለውን ክሎሪን የምትጠቀሙ ከሆነም ሳይጠለል የተጨመረ ክሎሪን አቅሙን በጭቃው ላይ እንደሚጨርስ እወቁ።

ሌላው ጉዳይ ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ በብዛት ይገኛል፤ በአካባቢያችን የብዙ ሰው ጥርስ የበለዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፍሎራይድን ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን የቀረው ውስጥ ይበዛል። ለሁለት ሌሊት የሄደን ሰው አይጎዳውም፤ ጥርስን የሚያበላሸው በልጅነት ለዓመታት የተጠጣው ነው። ቢሆንም እኔ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ሂሳብ ከባቱ የታሸገ ውኃ ገዝቼ እሄዳለሁ፤ የሐይቁን ውኃ አፍልቼ የምጠቀመው ለማብሰያ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መዋኘትስ? የደሴቲቱ ዳር ሲያዩት በጣም ያምራል ይባላል።

መልስ፦ ያምራል፤ ግን አትግቡበት። በዝዋይ ሐይቅ ብልሃርዝያ የሚባለው በትል የሚመጣ በሽታ አለ። የትሉ እጮች ከቀንድ አውጣ ወጥተው በውኃው ውስጥ እየዋኙ የሰውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ፤ በብዛት የሚወጡትም ፀሐይ በምትበረታበት እኩለ ቀን አካባቢ፣ ማለትም ሰው ሁሉ መታጠብ በሚያምረው ሰዓት ነው። «ጉልበቴ ድረስ ብቻ ነው የገባሁት» ማለት አያድንም፤ ወጥቶ በፎጣ መጥረግም አያስተማምንም።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ከጀልባው ስወርድ ጫማዬን አውልቄ አሥር ደቂቃ ያህል ውኃው ውስጥ ቆሜ ዕቃ አውርጃለሁ። በማግስቱ እግሬን አሳከከኝ፤ የትንኝ ንክሻ መስሎኝ ተውኩት። ከሁለት ወር በኋላ ሆዴን አልመች ሲለኝ የራሴን ሰገራ በራሴ ማይክሮስኮፕ አየሁ። በጎኑ ላይ እንደ እሾህ ያለ ሹል ነገር የወጣበት ሞላላ እንቁላል መስታወቱ መካከል ጋደም ብሎ ነበር። ለዓመታት ለሌሎች ሰዎች «ተገኝቷል» ብዬ የጻፍኩለት እንቁላል የእኔ ሆኖ ሲገኝ የተሰማኝን ኀፍረት አሁንም አልረሳውም። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያድናል፤ የወሰድኩትም በሐኪም ትእዛዝ ነው። ውኃ የነካችሁ ከሆነ ምርመራውን ከተመለሳችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ አድርጉት፤ ከዚያ በፊት ትሉ እንቁላል መጣል ስለማይጀምር ውጤቱ «የለም» ብሎ ሊያታልላችሁ ይችላል።

ለመታጠብ ከፈለጋችሁ ውኃውን ለአንድ ደቂቃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ ወይም ከቀንድ አውጣ የጸዳ ውኃ ክዳን ባለው ጀሪካን ሁለት ሙሉ ቀን ይቀመጥ፤ እጮቹ ሰው ካላገኙ ከዚያ በላይ አይኖሩም። ለመጠጥ ግን ይህ የማቆየት ዘዴ አይሠራም። ከጀልባ ስትወርዱ ደግሞ ረጅም የላስቲክ ቦት ጫማ አድርጉ።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጅ አለኝ። ይዤው ብሄድ ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ይቅርብሽ። ትልቅን ሰው «አትግባ» ብትዪው ይሰማል፤ የአራት ዓመት ልጅን ቀኑን ሙሉ ከውኃ ዳር መጠበቅ ግን ዕረፍት ሳይሆን ዘበኝነት ነው።

ጥያቄ፦ ጉማሬ አለ? ጎጆው ድረስ ይመጣል?

መልስ፦ በሐይቁ ውስጥ ጉማሬ አለ። ቀን ውኃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል። ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ መመለሻው ሲዘጋበት ስለሆነ በእሱና በውኃው መካከል መገኘት አደገኛ ነው። ከመሸ በኋላ ወደ ዳር አለመውረድ፣ ጠዋት ደግሞ በሸምበቆው መካከል የተረገጠ ሰፊ መንገድ ካያችሁ በዚያ አለመሄድ ነው። በጀልባ ላይ ሳላችሁ ባለ ጀልባው ዞር ብሎ ቢሄድ «ጊዜ አባከነብን» አትበሉ።

ጥያቄ፦ ሌሊቱ ይበርዳል? ከሰል አቀጣጥለን ብንተኛስ?

መልስ፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከነፋሱ ጋር በእርግጥ ይበርዳል። ከሰሉን ግን በፍጹም! ከሰል ፍም ሆኖ ጢሱ ሲጠፋ ሰው «በሰለ፣ አሁን ይግባ» ይላል፤ ሆኖም የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላው ፍምም እየወጣ ይቀጥላል። ቡናውን ደጅ አፍሉ፤ ምድጃውም ደጅ ይደር። ለብርዱ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ወባስ?

መልስ፦ አለ፤ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ጫፉንም ከሰሌኑ ሥር አስገቡት። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢይዛችሁ ሳትዘገዩ ደማችሁን አስመርምሩ። በደሴቲቱ የተያዘ ወባ ከተነደፋችሁ ሰባት ቀን ሳይሞላ ስለማይታይ፣ «ከተመለስኩ አሥር ቀን ሆኖኝ የለ እንዴ» ብላችሁ ከጉዞው ጋር ሳታገናኙት እንዳትቀሩ።

ጥያቄ፦ ምግብ እዚያ ይገኛል ወይስ እንያዝ?

መልስ፦ ያዙ፤ የአንድ ቀን ትርፍ ጨምራችሁ ያዙ። ቆሮሶ ከዓሣ አጥማጆች መግዛት ይቻላል፤ በደንብ ይጠበስ እንጂ በሐይቅ ዳር እንደተለመደው ጥሬውን በአዋዜ መብላትን በሙያዬ ምክንያት አልደግፍም። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር አዳማ ላይ ጨርሳችሁ ሂዱ፤ የሚያስተናግዷችሁ ቤተሰቦች ጾመኞች ከሆኑ በእነሱ ድስት ዓሣ መሥራት ነውር ነው።

ጥያቄ፦ ስለ ገዳሙና ስለ ሰዎቹ ጥቂት ቢነግሩን። ታቦተ ጽዮን እዚያ ነበረች የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በደሴቲቱ ላይ ያለው የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋችበት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሽተው 70 ዓመት ያህል አቆይተዋታል። ይህ የአበው ትውፊት ነው፤ እንደ ትውፊቱ ክብር ሰጥቼ እሰማዋለሁ፤ በገዳሙ ያሉት የብራና መጻሕፍት ግን በዓይን የሚታዩ ናቸው። ነዋሪዎቹ ዛዮች ሲሆኑ ቋንቋቸው ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር የሚቀራረብ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ብዙዎቹ ኦሮምኛና አማርኛም ስለሚናገሩ በመግባባት አትቸገሩም። ገዳሙ ላይ ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይለበሳል፣ ሳያስፈቅዱ ፎቶ አይነሳም። ፀጥታ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም በዓል ስለሆነ ያን ሰሞን አትምረጡ፤ በዓሉን የምትፈልጉ ከሆነ ያንኑ ምረጡ።

ጥያቄ፦ ባለ ጀልባው በቀጠሮው ባይመጣስ?

መልስ፦ ደርሶብኛል። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ ሙሉ ሂሳብ አስቀድመን የከፈልነው ሰው ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት እመጣለሁ ብሎ ማክሰኞ ቀትር ላይ ብቅ አለ። ሰኞ ዕለት ነፋሱ ከንጋት ጀምሮ ስለበረታ በመጀመሪያ አልፈረድንበትም፤ ማክሰኞ ጠዋት በረድ ሲል ግን ሌሎች ጀልባዎች ሲያልፉ ቆመን ተመለከትን። ስልካችን ሁለቱ ሞተዋል፣ የታሸገው ውኃ አልቋል፣ ከእኛ አንዱ ደግሞ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነ የመድኃኒቱን ፍሬ እየቆጠረ ነበር። ጎረቤት ያሉ እናት አንድ ማሰሮ ውኃ አፍልተው፣ ሽሮም ሠርተው አሳደሩን፤ ገንዘብ ብንሰጣቸው እንቢ ስላሉ ስኳርና ቡናችንን ትተንላቸው መጣን። ከዚያ ወዲህ ግማሹን ሂሳብ ስሄድ፣ ግማሹን ባቱ ስመለስ እከፍላለሁ፤ የሁለት ባለ ጀልባዎችን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፌ እይዛለሁ፤ ስልኬንም አጥፍቼ የማበራው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው። ቋሚ መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች የሦስት ቀን ትርፍ ያዙ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ሰው የሚረሳው ዕቃ ምንድን ነው?

መልስ፦ ገመድ። አሥር ሜትር የናይሎን ገመድ ከአዳማ ገበያ ገዝታችሁ ያዙ። ክብ ጎጆ ውስጥ የአጎበር ማንጠልጠያ የሚሆን ሚስማር ስለማይኖር ገመዱን ከምሰሶው እስከ ማገሩ ወጥራችሁ አጎበሩን ታስሩበታላችሁ። ከተረፈው ጫፍ ላይ ዳቦውን በፌስታል ቋጥራችሁ ከመሬትም ከግድግዳም አርቃችሁ አንጠልጥሉት፤ አይጧ ገና አለች።