ለጠያቂዋ እህቴ፦ ሚዛኑ የቆመው ደብቀሽ ስለበላሽ አይደለም

እህቴ ጥያቄሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ክብደት ለመቀነስ ብለሽ እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ ካቆምሽ ሁለት ወር ሆነሽ፣ መጀመሪያ 5 ኪሎ ቶሎ ወረደልሽ፣ ከዛ ሦስት ሳምንት ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም፣ ማታ ማታ ደግሞ ረሃቡ እንቅልፍ ነሳሽ። ከጥያቄሽ ስር ሰው ሁሉ "ታገሺ፣ ውሃ ጠጪ" እያለሽ ነው። እኔ በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ የማውቀውን ልንገርሽ፣ ይረዝማል ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ያ መጀመሪያ የወረደው 5 ኪሎ ሁሉም ስብ አይደለም፣ ብዙ ውሃ አለበት። ሰውነት ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት ይይዛል፣ በጠቅላላው ግማሽ ኪሎ ቢሞላ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እንጀራውን ስታቆሚ ክምችቱ ይጎድላል ውሃውም አብሮት ይወጣል። ስብ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ በዛ ፍጥነት አይወርድም። ስለዚህ "ቆመብኝ" ብለሽ ያለቀስሽው ከማይደገም ፍጥነት ጋር እያወዳደርሽው ነው። ደግሞ የወር አበባ ሲቃረብ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ ሚዛኑ ዝም ብሎ ወገብሽ ግን እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። የልብስ ሰፊ ሜትር ግዢና ወገብሽን በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ሳትበዪ ለኪ።

አሁን ወደ ረሃቡ።

1. ፕሮቲን አንሶሻል። የጻፍሽውን የቀን ምግብ አየሁት፣ ጠዋት ቡና በቅቤ፣ ምሳ ሰላጣ በአቮካዶ፣ ማታ ጎመን በትንሽ ሥጋ፣ በመሃል ለውዝ። ይሄ ሰው አያጠግብም! ክብደት እየቀነሰ ላለ ሰው ብዙ ባለሙያዎች የሚሉት በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ነው። 70 ኪሎ መድረስ ከፈለግሽ በ70 አስይው፣ ከ84 እስከ 112 ግራም ይመጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ነው፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ 26 ገደማ። የአንቺ ቀን ቢደመር ግማሹን የሚሞላ አይመስለኝም። (የኩላሊት ችግር ካለብሽ ግን ይሄን ሐኪምሽን ሳታማክሪ አትጨምሪ።)

2. ቅቤና ለውዝ። እዚህ ላይ ነው እኔን ያቃጠሉኝ ስለዚህ በደንብ ልንገርሽ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 120 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ዘይትም እንደዛው፣ 100 ግራም ለውዝ ደግሞ 570 ይጠጋል። እኔ በጊዜው 91 ኪሎ ሆኜ አንድ ክብደት መቀነሻ ማዕከል ተመዘገብኩ፣ ፓኬጅ ተብሎ ከፍ ያለ ብር ከፈልኩ፣ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ "ቅቤ፣ ለውዝ፣ አቮካዶ፦ እንደፈለጉ" ይላል። እንደፈለጉ! ሥጋውን ደግሞ "ፕሮቲን ወደ ስኳር ይቀየራል" እያሉ አስቀነሱኝ። መጀመሪያ ወረደ፣ ከዛ ልክ እንደ አንቺ ቆመ፣ ማታ ማታ ሆዴ እየጮኸ እነሳለሁ። ሄጄ ስናገር አሰልጣኝ ነኝ የምትለው ልጅ፣ ልጄ የምትሆን፣ ሌሎች ተመዝጋቢዎች ተደርድረው በተቀመጡበት "እማማ ደብቀው እንጀራ እየበሉ ነው፣ እውነቱን ይናገሩ" አለችኝ። ቁርስ ምን በላሽ ብላ አልጠየቀችኝም፣ ምን ያህል ቅቤ አላለችኝም፣ የደም ምርመራ አድርገሽ ታውቂያለሽ ወይ አላለችኝም። የሰጠችኝ ሌላ ዕቃ ነው፣ "ስብ አቅላጭ ሻይ"። ቤት ወስጄ ከጀርባው ሳነበው ሰናመኪ ነው! ሰናመኪ እኮ ሆድ የሚያስቀምጥ ነገር ነው፣ አንጀት ያጥባል እንጂ አንድ ግራም ስብ አይነካም፣ ሚዛን ላይ የሚታየው የወጣው ውሃ ነው፣ ደጋግመው ሲወስዱት ደግሞ ፖታሲየም ያወርዳል። አልጠጣሁትም፣ መልሼ ወስጄ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ገንዘቤን ግን አልመለሱም። በዛ ብር ስንት ኪሎ ሥጋ ይገዛ ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺም "ሻይ ሊልኩልኝ ነው" ብለሻል፣ እባክሽ እንዳትከፍዪ።

የረዳኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነው፣ መጀመሪያ TSH የሚባለውን የታይሮይድ ምርመራ አስደረገኝ (ደህና ነበር፣ አንቺም ድካምና ብርድ ብርድ ማለት ካለሽ አሠሪ)፣ ቀጥሎ የኩሽና ሚዛን አስገዛኝና የምበላውን ሁሉ አስጻፈኝ። ቅቤው በማንኪያ ተለክቶ ገባ፣ ለውዙ ከአንድ እፍኝ አላለፈ፣ ጠዋት ቡናዬ ያለ ቅቤ ሆነና ሦስት እንቁላል በቃሪያና ቲማቲም ገባ፣ ምሳ ቀይ ጥብስ ወይም ዶሮ ከብዙ ጎመን ጋር፣ ማታ አይብ በጎመን። ረሃቡ በዛው ሳምንት ነው የተወኝ። ሚዛኑ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፣ ዛሬ 74 ነኝ፣ አልተመለሰብኝም፣ በዚህ እኮራለሁ። ሥጋ ተወደደ ካልሽ እንቁላል ይበቃሻል።

ስለ ጾሙ የጠየቅሽው፣ ፍልሰታ ሲገባ ምን ልብላ ላልሽው፣ ራስሽን አታስጨንቂ። ምስርና ሽሮ ካርብ (ካርቦሃይድሬት፣ እንጀራና ዳቦ ውስጥ በብዛት ያለው ስታርችና ስኳር) አላቸው እውነት ነው፣ ግን 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ፕሮቲንና 8 ግራም ያህል ፋይበር አለው፣ ያጠግባል። እንጀራውን ትንሽ አድርገሽ ምስሩን፣ ጎመኑንና ሰላጣውን አብዢ፣ ሽሮው ላይ ዘይቱ እንዳይንሳፈፍ። ካርብ ኃጢአት አይደለም እህቴ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው አንድ ዓመት ተከታተሉ፣ ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርብ የቀነሱት 6 ኪሎ ወረዱ፣ ይሄ ልዩነት አይባልም። ሁለቱም ወገን አትክልት አብዝተው ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲቀንሱ ነበር የተመከሩት።

አንድ ያስደነገጠኝ ነገር። "እናቴም አብራኝ ጀምራለች፣ ስኳር አለባት" ብለሻል። እናትሽ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ እንጀራውን አቁመው መድኃኒቱን በነበረው መጠን ከቀጠሉ ስኳራቸው በጣም ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ዛሬውኑ ሐኪማቸው ጋ ደውይ፣ መጠኑን እሱ ያስተካክል፣ በራሳችሁም አታቋርጡት። የግፊት መድኃኒት ካለም ንገሪው፣ ምክንያቱም ካርብ ሲቀንስ ኩላሊት ጨውና ውሃ ያስወጣል፣ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። አንቺ ራስ ምታትና ማዞር አለብኝ ያልሽውም ከዚሁ ሊሆን ይችላል፣ ግፊት ከሌለብሽ ጨው ያለው የሥጋ ሾርባ ሞክሪ።

"በቀን አንዴ ብቻ መብላት ልጀምር ወይ" ላልሽው ደግሞ አሁን አይሆንም። ማታ ተርበሽ የምትነሺ ሰው ላይ ሌላ ረሃብ አይጨመርም። መጀመሪያ ጠዋት እንቁላሉን አስገቢ፣ ቅቤውን በማንኪያ ለኪ፣ ሁለት ሳምንት የምትበዪውን በግራም ጻፊና እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።