የሬጌክስ ስግብግብ ኮከብ፦ ጥያቄና መልስ

ሬጌክስ በጽሑፍ ውስጥ የምንፈልገውን በምልክቶች የምንገልጽበት የፍለጋ ቀመር ነው፤ ነጥብ (.) ማንኛውንም አንድ ፊደል ይወክላል፣ ኮከብ (*) ደግሞ ከእሷ በፊት ያለው ከባዶ ጀምሮ ስንትም ጊዜ ይደጋገም ትላለች። ለምሳሌ የምንይዘው መስመር ይህ ነው፦

«ደብረ ብርሃን»፣«ገብስ»፣«12 ኩንታል»

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ በጥቅስ ውስጥ ያሉትን ለየብቻ ላወጣ ብዬ

«.*»

ብጽፍ መስመሩ በሙሉ እንደ አንድ ይመጣል። ለምን?

መልስ፦ ኮከቧ ስግብግብ ናት፤ ግሪዲ የሚሏት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው መክፈቻ ጥቅስ እንደተገኘ .* እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለውን ሁሉ ይውጣል። ያኔ ለመዝጊያው ጥቅስ የተረፈ ነገር ስለሌለ ከኋላ አንድ አንድ ፊደል ይለቃል። ገና የመጀመሪያውን ሲለቅ የመጨረሻውን » ያገኛል፤ እዚያው ያበቃል።

«.*?»

ቢሉት ግን ከባዶ ተነሥቶ መዝጊያው እስኪመጣ ድረስ ብቻ አንድ አንድ ፊደል ይጨምራል። ሦስቱም ለየብቻ ይወጣሉ። ይህን ሌዚ (ሰነፍ) ይሉታል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ እንግዲያው ሁልጊዜ .*? ብጽፍስ?

መልስ፦ አይበጅም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሌዚ ማለት አጭሩን ፈልጎ ያመጣል ማለት አይደለም። ኩንታል ያለበትን ጥቅስ ብቻ ፈልገው

«.*?ኩንታል»

ቢሉ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ያለው ሁሉ ይመጣል። ፍለጋው ከግራ ስለሚጀምር ቀድሞ የተገኘው መክፈቻ ያሸንፋል፤ የጥያቄ ምልክቱ የሚወስነው የት እንደሚቆም እንጂ ከየት እንደሚነሣ አይደለም። .*? ደግሞ ካስገደዱት መዝጊያ ጥቅስንም ይሻገራል። ስለዚህ «ከ» በቀር ማንኛውም ፊደል» በሚለው [^»] ከልክሉት፦

«[^»]*ኩንታል»

ይህ የሚያወጣው «12 ኩንታል»ን ብቻ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ነጥብ በተለመደው አሠራር አዲስ መስመርን አይሻገርም፣ [^»] ግን ይሻገራል። ያልተዘጋ ጥቅስ ካለ ወደ ቀጣዩ መስመር ይፈስሳል፤ በቅንፉ ውስጥ የአዲስ መስመር ምልክቱንም ይጨምሩ።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ዋጋ፦.*? ብዬ ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለውን ስፈልግ ምንም አይመጣም።

መልስ፦ ከኋላው የሚጠብቀው ነገር ስለሌለ ባዶውን ይዞ ይረካል። .+? ቢሆን (+ ቢያንስ አንድ ጊዜ ማለት ነው) አንድ ፊደል ብቻ ይሰጥዎታል። የጥያቄ ምልክቱን ያጥፉት።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ በሴድ (sed፣ የጽሑፍ ማረሚያ ትእዛዝ) ሌዚው እምቢ አለኝ።

መልስ፦ ሴድ ሌዚ የለውም፤ የከልካዩን ቅንፍ መንገድ ይጠቀሙ። የግኑ ግሬፕ (grep፣ በጽሑፍ ውስጥ መፈለጊያ ትእዛዝ) ግን በፐርል አማራጩ (-P) ይቀበለዋል።

ጥያቄ፦ [ሀ-ፐ]+ ከ«ፖሊስ» ውስጥ «ሊስ»ን ብቻ ያወጣል። ይህም የስግብግብነት ጣጣ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ የዩኒኮድ (ለፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት) ቅደም ተከተል ነው። ከፐ በኋላ ፑ፣ ፒ እያለ ፖ ይመጣል፤ ክልሉ ፐ ላይ ሲያበቃ እነሱ ውጭ ይቀራሉ። [ሀ-ፚ] ብለው ይጻፉ፤ አራት ነጥብ ከፚ በኋላ ስለሆነ አብሮ አይገባም።