ቦረቦሩን ከመድፈናችሁ በፊት ውሃውን አዙሩት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ከሰፈራችሁ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው የእግር መንገድ በጎርፍ ተቦርብሯል፣ ክረምቱ ሳይገባ ከልጆቹ ጋር በበጎ ፈቃድ ልንጠግነው ነው፣ ስንት መኪና አፈር ይበቃናል ነው ያልከው። እኛም ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለችውን መንገድ ስንጀምር የጠየቅነው ይህንኑ ነበር።

1. አፈሩን ለጊዜው እርሳው። ውሃው ከየት እንደሚገባ እወቅ። እኛ ይህን ሳናይ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሃያ ሁለት ሆነን ብር አዋጣን፣ አንድ ሲኖትራክ ገረጋንቲ አራገፍን፣ መኪና ከማይደርስበት ጀምሮ በአህያና በማዳበሪያ እያመላለስን ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቦረቦሩን ደፈንነው። ረግጠን ደለደልነው። ፎቶም ተነሳን። ከዚያ አንድ ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ስወጣ መንገዱ ከበፊቱ ብሶበት እስከ ጉልበቴ ጠልቋል። ገረጋንቲው ታች ሰፈር አንዲት እማማ ደጃፍ ላይ ተከምሯል። ነጠላቸውን አደግድገው በአካፋ ይዝቃሉ። «እናንተ ናችሁ አይደል ልጄ?» አሉኝ። አልተቆጡም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። አካፋውን ተቀብያቸው እስከ ምሳ ሰዓት ዛቅሁ።

በማግስቱ ዝናቡ ውስጥ ጃንጥላ ይዘን ሽቅብ ወጣን። የጎርፉ መነሻ መንገዳችን ላይ አልነበረም። ሰማንያ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያለ የመኪና መንገድ ቦዩ በቆሻሻ ተደፍኖ፣ ውሃው በሙሉ ወደኛ ይዞራል። ቦዩን መጥረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር! በዚያ ላይ የእንጦጦን መሬት ታውቀዋለህ፤ ባህር ዛፍ ሥር ሳር እንደልብ አይበቅልም፣ የረገፈው ቅጠልም ለምጣድ ማገዶ ተጠርጎ ይወሰዳል፣ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል።

2. የውሃ መቀልበሻ ሥሩ፣ ውሃውን ከመንገዱ ወደ ጎን የሚያወጣ የድንጋይ መስመር ማለቴ ነው። ድንጋዩን መንገዱ ላይ በሰያፍ ቅበሩት፣ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቢያጋድል ይበቃል። መንገዱን ቀጥ ብሎ እንዲያቋርጥ ካጋደማችሁት ደለል ይሞላና ውሃው ከላዩ ይዘላል። አብዛኛው የድንጋይ አካል መሬት ውስጥ ይግባ፣ አለዚያ አህያ ረግጦ ይነቅለዋል። መውጫው ወደ ሰው ግቢ እንዳይሆን አደራ። ከእያንዳንዱ ትልቅ ዝናብ በኋላም ደለሉን የሚጠርግ ተረኛ መድቡ።

3. ፈቃድ። ይህንን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል። አንድ ቢሮ አራት ጊዜ አመላለሱን። መጀመሪያ ደብዳቤ አምጡ፣ ቀጥሎ ማህተም የለውም፣ ከዚያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በአራተኛው ቀን ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «መንገድ የሚሠራው መንግሥት ነው፣ እናንተን ምን አገባችሁ?» አለን። ከመካከላችን አንዷ በዚያው መንገድ ስትወርድ እግሯ ተሰብሮ ሁለት ወር የተኛች ልጅ ነበረች። መልስ አልሰጠችውም። ወረቀቷን አንስታ ወጣች። በኋላ የሠራልን የቦታው ጥበቃዎች ጋር በአካል ሄዶ መነጋገር ነው። ጫካውን እነሱ ያውቁታል፣ ማንን መጠየቅ እንዳለብን የነገሩንም እነሱ ናቸው። ከነሱ ጀምሩ፣ ዛፍ ደግሞ እንዳትነኩ።

ደረጃ ልሥራ ካልክ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ሳትጠይቅ አንድ ድንጋይ እንዳታስቀምጥ። እኛ ዳገቱ ላይ የሚያምር የድንጋይ ደረጃ ሠራን፣ አንዳቸውም አልረገጡትም። ጎኑን ይዘው ይወርዳሉ፣ እዚያው አዲስ ቦረቦር ጀመረ። አንዷን እናት ለምን አልኳቸው። ጭነቱ ጀርባቸውን አጉብጦት፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ቆሙና «ከፍ ይላል ልጄ፣ ከዚህ ሸክም ጋር ጉልበቴ አይችለውም» አሉኝ። አፍርሰን ከአንድ ስንዝር ባነሰ ከፍታ፣ ሰፋ አድርገን እንደገና ሠራነው። አሁን በሱ ይወርዳሉ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

አሁን ያላችሁ ጊዜ ቦይ ለመጥረግና ውሃውን ለመቀልበስ ብቻ ነው የሚበቃው። መድፈኑን ከክረምቱ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ አፈሩ እርጥበት እያለው አድርጉት። ካልሆነም ጥርና የካቲት፤ ገጠር የተፋሰስ ሥራ የሚወጣውም ያኔ ነው። ብር መሰብሰብ ከጀመራችሁ አቁሙት። ሁለት ዲጂኖ፣ አንድ ባሬላና ውሃ ልክ አለን፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይዤላችሁ መምጣት እችላለሁ። የት እንደምንገናኝ ብቻ ጻፍልኝ።