ለታሪክ ወዳድ ወጣቶች፦ ከፊቱ በፊት ጠርዙን አንብቡ

ውድ ልጆች፣

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እሳት አንዳጅ (የመርከብ ምድጃ ውስጥ ከሰል እየጨመረ እሳቱን የሚያነድ) የነበረ ሰው ሜዳሊያዎች እጃችሁ ከገቡ፣ የንጉሡን ምስል ትታችሁ በአጉሊ መነጽር ጠርዙን እዩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሜዳሊያዎች መካከል የብሩ (ከብር የተሠራው የጦርነቱ ሜዳሊያ) እና የድሉ ሜዳሊያ ጠርዛቸው ላይ መለያ ቁጥር፣ ስምና ማዕረግ ተቀርጾባቸዋል፤ በ1914–15 ኮከብ (የኮከብ ቅርጽ ባለው ሜዳሊያ) ላይ ጽሑፉ ከጀርባ ነው። ቁጥሩ በ‹ኬ› ፊደል ከጀመረ ከ1908 ወዲህ የገባ ቋሚ አንዳጅ ነው። በ‹ኤስ ኤስ› ከጀመረ ውሉ አጭር ነው፦ 5 ዓመት በመርከብ፣ 7 ዓመት በተጠባባቂነት። የአንድ ሰው ሜዳሊያዎች ሁለት ዓይነት ቁጥር ቢይዙ ‹ሐሰት ነው› ለማለት አትቸኩሉ፤ ከአጭር ውል ወደ ቋሚ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ለንደን ውስጥ ኪው በተባለ ሰፈር ባለው የብሪታኒያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ‹ኤ ዲ ኤም 188› በሚለው ክፍል ፈልጉ፤ ያገለገለባቸውን መርከቦች ከነቀኑ ይዘረዝራል።

እኔን ከሁሉ የሚበልጥብኝ የረጅም አገልግሎትና የመልካም ጠባይ ሜዳሊያው ነው። ብሩና የድሉ በጦርነቱ ባሕር ላይ ላገለገለ ሁሉ ማለት ይቻላል ተሰጥተዋል። ይኼኛው ግን ከ18 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የሚቆጠር 15 ዓመት ነውር የሌለበት አገልግሎት ይጠይቃል። (መርከበኞቹ ራሳቸው ‹ያልተነቃበት የ15 ዓመት ጥፋት› እያሉ ይቀልዱበት ነበር።) የቋሚ አንዳጅ የመጀመሪያው ውል ደግሞ 12 ዓመት ነው። ስለዚህ ይህን ያገኘ ሰው 12 ዓመት እሳት ፊት ከቆመ በኋላ፣ ጡረታ የሚያስገኘውን 22 ዓመት ለመሙላት ዳግም የፈረመ ሰው ነው።

ምን ላይ እንደፈረመ እወቁ። ተራው 4 ሰዓት ነው። ከሰሉ በምድጃው የብረት ፍርግርግ ላይ ሳሳ ብሎ እኩል መበተን አለበት፤ መሃል ላይ ከተከመረ አየር አያልፍም፣ የእንፋሎቱ ግፊት ይወርዳል፣ ጥቁሩ ጭስም በመርከቧ ላይ ለጠላት ያሳብቃል። የቀለጠ አመድ ፍርግርጉ ላይ ሲጋገር በረጅም ብረት ፈንቅሎ በመጎተቻ ማውጣት ነው። ያውም በፍጥነት፤ በሩ ተከፍቶ በቆየ ቁጥር ቀዝቃዛ አየር እየገባ ቦይለሩን (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣውን) ያበርደዋል። በኋላ በከሰል ፈንታ ፈሳሽ ነዳጅ ሲመጣ አካፋው ቀርቶ ሥራው የዓይን ሆነ፦ ጥቁር ጭስ አየር አነሰ፣ ነጭ ጭስ አየር በዛ ማለት ነው።

የሁለተኛው ጦርነት ሜዳሊያዎች ለእንግሊዞች ሲታደሉ ስም አልተጻፈባቸውም። ማጭበርበር የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ገዝቶ ሊደረድራቸው ይችላል። የ1939–45 ኮከብ 6 ወር የባሕር አገልግሎት ይፈልጋል፤ የአትላንቲክ ኮከብ ከዚያ በኋላ ሌላ 6 ወር። የአፍሪካ ኮከብ ስታዩ ደግሞ አሳባችሁ ወደ ሊቢያ በረሃ ብቻ አይሂድ። ከጁን 10 ቀን 1940 እስከ ኖቬምበር 27 ቀን 1941 በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሶማሊያ የተካሄደውን ዘመቻ የደገፈ መርከበኛም ያገኘዋል፤ የመጨረሻው ቀን ጎንደር ላይ የኢጣሊያ ጦር እጁን የሰጠበት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የመርከቦቹ ስምና ቀን ነው።

አደራ፣ አትወልውሏቸው። በተፈተጉ ቁጥር የጠርዙ ፊደል ይሳሳል። አነባብራችሁም አታስቀምጡ፤ የኮከቡ ጫፍ ብሩን ይቧጭረዋል። ጥብጣቡ ነትቦ በአዲስ ቢተካ እንኳ አሮጌውን ፖስታ ውስጥ ከትታችሁ አብራችሁ አኑሩት።