ዜናው፣ ሌሊቱና ጨዋታው ቀን ይኑራቸው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ደብዳቤዎች ከተለያየ አገርና ከተማ የመጡ ናቸው። አንዱ ስለ ዜና፣ አንዱ ስለ ድሮ ምሽት፣ ሁለቱ ስለ ኳስ ይጠይቃሉ። የሁሉም ጭንቀት ግን አንድ ነው፦ ያየነውንና የሰማነውን ሳይምታታ እንዴት እናስቀምጠው?

«ውድ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የሳምንቱን ዜና ከራሴ አስተያየት ጋር በደብተር መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሰሞኑን ወደ ኋላ ገልጬ ሳነብ ግን ግማሹ ለራሴም አልገባኝ አለ። ምን አጥፍቼ ነው?» — ከደሴ

ያጠፉት ብዙ ሰው የሚያጠፋውን ነው። «ትናንት»፣ «በዚህ ሰሞን»፣ «ያ ሰውዬ»፣ «የተባለው ነገር» የሚሉ ቃላት በተጻፉበት ቀን ግልጽ ናቸው፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ምንም አይነግሩም። ቀኑን፣ የሰውየውን ሙሉ ስምና ሹመቱን፣ ዜናውን ከየት እንደሰሙት (ራዲዮ፣ ጋዜጣ፣ ከጎረቤት) ይጻፉ። ከጎረቤት የሰሙትን «ከጎረቤት» ብለው መጻፍ ነውር የለውም፤ ነውሩ እንደ ራዲዮ ዜና አድርጎ መጻፉ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ዜናውና አስተያየቱ በአንድ አረፍተ ነገር መደባለቃቸው ነው። ደብተሩን ሲገልጡት በቀኝ ያለውን ገጽ ለተባለው፣ በግራ ያለውን ለእርስዎ ሐሳብ ይመድቡ። በሳምንት ሦስት ዜና፣ ለእያንዳንዱ አምስት መስመር ይበቃል፤ አሥር ዜና ልጻፍ ያለ ሰው በአራተኛው ሳምንት ይሰለቻል። ከግራው ገጽ ግርጌ ሩቡን ባዶ ይተዉ። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው ነገሩ የት እንደደረሰ እዚያው ላይ ከነቀኑ ይጽፉበታል፤ የደብተሩ ትልቁ ጥቅም ያለውም እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው።

ዋጋን በተመለከተ «ጤፍ ተወደደ» ከማለት ጤፉ ማኛ ይሁን ሰርገኛ፣ በኪሎ ይሁን በኩንታል፣ ከየትኛው ገበያ እንደሆነና ስንት ብር እንደተባለ ይጻፉ። እነዚህ ከጎደሉ ከሚቀጥለው ዓመት ዋጋ ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ደረሰኝ አይለጥፉ፤ በሙቀት የሚታተመው ወረቀት ጽሑፉ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ቁጥሩን በእስክሪብቶ ይገልብጡት። የጋዜጣ ቁራጭ የሚያስቀምጡ ከሆነ ከመቁረጥዎ በፊት የጋዜጣውን ስም፣ ቀንና ገጽ ጠርዙ ላይ ይጻፉ፤ ቀኑ ያለው ከገጹ አናት ላይ ስለሆነ መቀስ ካለፈ በኋላ አይገኝም። የጋዜጣ ወረቀት ደግሞ ቶሎ ይወይባል፣ ይሰባበራል። ፎቶ ኮፒ አስነስቶ ኮፒውን መለጠፍ ይሻላል።

«አባቴ የተወለዱት በ1939 ነው። ውቤ በረሃን፣ ራስ ሆቴልን፣ ሒልተንን እያነሱ የወጣትነት ምሽታቸውን ሲያጫውቱን ልጆቼ ሳይቀሩ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። አንዴ በስልክ ልቀዳቸው ሞክሬ ድምፁ ተውጦ ቀረ። ደግሞ ‹በ64› ሲሉ የኛን ይሁን የፈረንጁን አላውቅም። ከአገር ያመጧቸው ካሴቶችም አሉ። ከየት ልጀምር?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ከአባትዎ ይጀምሩ። ካሴቱ አንድ ዓመት ቢዘገይ ብዙ አይጎዳም፤ የአባትዎ ትውስታ ግን አይጠብቅም።

ድምፁ የተዋጠው ስልኩ ርቆ ስለነበረ፣ ወይም የማይክሮፎኑ ቀዳዳ በጨርቅ ወይም በእጅ ስለተሸፈነ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው በአብዛኞቹ ስልኮች ከግርጌው ጠርዝ ላይ ነው። እሱን ወደ አባትዎ አፍ አዙረው ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ የታጠፈ ፎጣ አንጥፈው ያስቀምጡት። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሲኒው ኳኳታ ሁሉ ይገባል። ኩሽና ውስጥ አይቅዱ፤ የፍሪጁን እምምታ ጆሮ ቢለምደውም ማይክሮፎን አይለምደውም። መጋረጃና ምንጣፍ ያለው ክፍል ይምረጡ። ስልክ ቢደወል ቅጂው እንዳይቋረጥ የበረራ ሁኔታውን ይክፈቱ። አንድ ደቂቃ ሞክረው በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ፤ ከዚያ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም በድምፅ ተናግረው ይጀምሩ። ከ45 ደቂቃ በላይ አይሂዱ፤ ሰው ሲደክመው ማሳጠር ይጀምራል። ሲጨርሱ ድምፁን ለወንድም ለእህት በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የሚልኩ ከሆነ እንደ ፋይል እንጂ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አስጠግተው እንደ ድምፅ መልእክት አይላኩት፤ ጥራቱ ይወድቃል።

«እንዴት ነበር?» ብለው ከጠየቁ «ደስ ይል ነበር» ተብሎ ያበቃል። ከበሩ ይጀምሩ። በር ላይ ማን ቆሞ ነበር? መግቢያው ስንት ነበር? የት ተቀመጣችሁ፣ ባንዱስ በየት በኩል ነበር? ምን ለብሰው ነበር? ከሁሉ በላይ ደግሞ በምን ተመለሱ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ዘመኑን ይናገራል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ዋልያስ ባንድን ለመስማት ሒልተን የገባ ሰው ካመሸ እስኪነጋ እዚያው ማደር ነበረበት። አባትዎ «ስንወጣ ነግቶ ነበር» ካሉ ከ1967 በኋላ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ «እኩለ ሌሊት ላይ በታክሲ ገባን» ካሉ ግን ከዚያ በፊት ሳይሆን አይቀርም። ፈልገውም የሚያነጉ ስለነበሩ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሌሎች ምልክቶችን ይጨምሩበት። ቴአትር ቤቱን «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ብለው ነው ወይስ «ብሔራዊ» ብለው የሚያስታውሱት? ዘፈኑን የገዙት በሸክላ ነው በካሴት? የአምሐ እሸቴ ኩባንያ ሸክላ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ካሴት ሸክላን እየተካ የመጣው ከዚያ ዓመታት ዘግይቶ ነው።

«በ64» ለሚለው ዕድሜ ይፈርዳል። በኛ 1964 ከሆነ አባትዎ 25 ዓመታቸው ነበር። የፈረንጁ 1964 ከሆነ በኛ 1956 ወይም 1957 ስለሆነ የ17 ወይም የ18 ዓመት ልጅ ነበሩ። «ደመወዝ በወጣ ቀን እንሄድ ነበር» የሚል ሰው ደግሞ የትኛው ላይ እንዳለ ግልጽ ነው። ሒሳቡ ይህ ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 (በየአራት ዓመቱ ከሚመጣው የሉቃስ ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት እስከ 21) ባለው ጊዜ በኛ ዓመት ላይ 7 ይደምሩ፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደምሩ። የሉቃስ ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለሆነች በማግስቱ ያለው መስከረም 1 በፈረንጆች ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ በሌላው ዓመት ግን 11 ላይ ነው። የሚሳሳቱት ብዙዎች ሁልጊዜ 8 የሚደምሩ ናቸው፤ በመስከረም ወር የተፈጸመ ነገር በአንድ ዓመት ይዘልባቸዋል።

ሰዓቱም አለ። አባትዎ «ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት» ካሉ በፈረንጁ እሁድ ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ነው። ይህን «ቅዳሜ» ብቻ ብሎ መጻፍ ያምታታል። አማርኛ ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፦ «ለእሁድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት»። እንዲህ ከተጻፈ ማንም አይሳሳትም።

ቦታውን ሲያስመዘግቡ በቤት ስም ብቻ አይተዉት። በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ከካዛንቺስ ብዙ ቤት ፈርሷል፤ «ከእከሌ ቡና ቤት ጀርባ» የሚለው ምልክት ራሱ ላይኖር ይችላል። «ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነስተን በስንት ደቂቃ በእግር፣ ዳገት ወይስ ቁልቁለት» ብለው ያስነግሯቸው፤ ከዚያ ካርታ ላይ አብረው ምልክት ያድርጉ።

አሁን ካሴቱ። መጀመሪያ በላይኛው ጠርዝ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ፤ ከዚያ በኋላ በስሕተት ተቀድቶበት አይጠፋም። በፕላስተር ተሸፍነው ካገኙ ፕላስተሩን ያንሱ። ክሩ መሐል ላይ የሚጫነው ትንሽ ስፖንጅ መኖሩን ይመልከቱ፤ እሱ ከወደቀ ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ታፍኖ ይሰማል። ለዓመታት የተቀመጠ ካሴት ክሩ እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ ከማጫወትዎ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ወደ መጀመሪያ ያጠንጥኑት። ቴፑ ካሴት የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ክሩን የሚስበው የጎማ ዘንግ ስለቆሸሸ ነው። ጎማውንና ክሩ የሚነካውን ብረት በጥጥና 90 በመቶ በሆነ አልኮል ይጥረጉ፤ ለቁስል የሚሸጠው ቀጭኑ አልኮል ውኃ ስለሚበዛው አይሆንም። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ መቅጃ ቀዳዳ በገመድ ያገናኙ፣ ድምፁንም ግማሽ ላይ ያድርጉ። ድምፁ ከተሰነጣጠቀ በኋላ አይጠገንም፤ ዝቅ ያለውን ግን በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ባለ 60 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ ማፋጠኛ የለውም።

«በሰፈራችን የክረምት ውድድር ስድስት ቡድን አለ። ዓምና ሁለቱ በነጥብ እኩል ሆነው ዋንጫውን ማን ይውሰድ በሚል ሊደባደቡ ደረሱ። ዘንድሮ መዝጋቢው እኔ ነኝ።» — ከሐዋሳ

ጠቡ የሚጀመረው ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ቢመስልም ምክንያቱ ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት ያልተጻፈ ደንብ ነው። አንድ ምሳሌ ይዩ። «ሀ» በ5 ጨዋታ 3 አሸንፎ፣ 1 አቻ ወጥቶ፣ 1 ተሸንፎ 10 ነጥብ አለው፤ 9 አግብቶ 5 ገብቶበታል። «ለ»ም 10 ነጥብ አለው፤ 7 አግብቶ 3 ገብቶበታል። የሁለቱም የግብ ልዩነት 4 ነው። ቀጥሎ ባገቡት ብዛት ከታየ ዋንጫው የ«ሀ» ነው። እርስ በርስ ሲገናኙ ግን «ለ» 1 ለ 0 አሸንፎ ከነበረና ያ ከቀደመ ዋንጫው የ«ለ» ይሆናል። ሁለቱም መንገድ ትክክል ነው። የትኛው እንደሚቀድም ጽፈው ስድስቱን አምበሎች ያስፈርሙ። ቡድን ቀርቶ ቢገኝ 3 ለ 0 የሚባል ከሆነም፣ ለምን ያህል ደቂቃ እንደሚጠበቅ እዚያው ላይ ይጻፍ።

ስድስት ቡድን አንዴ እርስ በርስ ሲጋጠም 15 ጨዋታ ነው፣ በ5 ዙር። ድልድሉን ለማውጣት ስሞቹን በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት አድርገው ይጻፉና የፊት ለፊቱን ያጋጥሙ፤ በሚቀጥለው ዙር አንዱን ቡድን ከቦታው ሳያነሱ ሌሎቹን አንድ እርምጃ በክብ ያዙሩ። የመጨረሻውን ዙር ሦስት ጨዋታዎች በአንድ ቀን ያድርጉ፤ አለበለዚያ ዘግይቶ የሚጫወተው ስንት ግብ እንደሚያስፈልገው አውቆ ይገባል።

በየዙሩ ሠንጠረዡን በሁለት መንገድ ይፈትሹ። የሁሉም ቡድን የግብ ልዩነት ሲደመር ዜሮ መምጣት አለበት። ውድድሩ ሲያልቅ ደግሞ የነጥቡ ድምር ከ45 ላይ የአቻ ጨዋታዎች ቁጥር ተቀንሶ የሚገኘው ነው፤ 4 አቻ ካለ 41። ካልሆነ አንድ ቦታ ላይ ስሕተት አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ውጤቱ ለአንዱ ቡድን ተጽፎ ለሌላው ሳይጻፍ ቀርቶ ነው።

ጥሎ ማለፍ ካላችሁ መደበኛውን 90 ደቂቃ፣ ጭማሪውንና የመለያ ምቱን ለየብቻ ይጻፉ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችበት ጨዋታ 4 ለ 2 ተብሎ ይታወሳል፤ መደበኛው ሰዓት ያለቀው ግን 2 ለ 2 ነበር፣ ሁለቱ ግቦች የተጨመሩት በጭማሪው ነው። 4 ለ 2 ብቻ የጻፈ መዝጋቢ ያንን ጭንቀት ሁሉ ከታሪኩ አውጥቶታል። በመለያ ምት የተቆጠረ ደግሞ ለግብ አግቢዎች ዝርዝር አይገባም።

«አጎቴ ካምቦሎጆ ላይ ያየውን የድሮ ጨዋታ በጋዜጣ ማግኘት እፈልጋለሁ። ቀኑን በእርግጠኝነት አላውቅም።» — ከአዳማ

ወመዘክር (የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የቆዩ ጋዜጦች አሉት፤ አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ የሚወጣ ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ። ከመሄድዎ በፊት ቀኑን ያጥብቡ። አጎትዎ «እሁድ ነበር» ካሉ በዚያ ወር ያሉትን እሁዶች አስልተው ዝርዝር ይያዙ፤ ለምሳሌ ከላይ ያነሳነው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ጥር 13 ቀን 1954 እሁድ ነበር፣ በፈረንጆች ጃንዋሪ 21 ቀን 1962። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ይያዙ፤ ከጨዋታው ቀን ጋዜጣ ሳይሆን ከማግስቱ ጀምሮ የሁለት ሦስት ቀን እትም ያስወጡ። ስታዲየሙንም ሌሎች ስሞቹን አስበው ይፈልጉ፤ አጎትዎ ካምቦሎጆ የሚሉትን ጋዜጣው በንጉሡ ዘመን «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም»፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ «የአዲስ አበባ ስታዲየም» ብሎት ሊያገኙት ይችላሉ።