«ጡት እየጠባ እንዴት ደሙ ያንሳል?» ስለ አይረን የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አይረን (ሰውነት ደም ለመስራት ስለሚፈልገው የብረት ማዕድን) ናቸው፣ ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለሱ ሰጥተነዋል። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል፣ ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ልጄ 9 ወሩ ነው፣ እስካሁን ጡት ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ ምግብ ስሰጠው በምላሱ እየገፋ ይተፋዋል። ባለፈው ጉንፋን ይዞት ሳሳየው ደሙ ታየና ሄሞግሎቢኑ 9.8 ነው፣ ደም ማነስ አለበት ብለው የአይረን ሲሮፕ አዘዙለት። የናት ጡት ሁሉን ያሟላል ሲባል ነው የሰማሁት፣ የኔ ወተት ነው እንዴ ችግር ያለበት? ደግሞ ልጁ ይስቃል ይጫወታል ምንም የሆነ አይመስልም፣ ሲሮፑ የግድ ነው ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወተትሽ ምንም አልጎደለበትም፣ መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ። የናት ወተት ውስጥ ያለው አይረን የማንም እናት ብትሆን ትንሽ ነው፣ በሊትር ግማሽ ሚሊግራም እንኳን አይሞላም፣ የህፃኑ አንጀት ግን ያችኑ ትንሿን በደንብ ይወስዳታል። አንቺ ምንም ያህል ስጋ ብትበዪ የወተቱ አይረን ብዙም ከፍ አይልም። ታዲያ ልጁ የመጀመሪያዎቹን ወራት በምንድነው ሚኖረው ካልሽ በስንቅ ነው፣ ማህፀን ውስጥ እያለ ካንቺ እየወሰደ ያጠራቀመው አይረን አለው፣ በጊዜው ለተወለደ ጤነኛ ልጅ ከ4 እስከ 6 ወር ገደማ ያደርሰዋል። የስንቁ ትልቁ ክፍል የሚገባው በመጨረሻዎቹ 3 የርግዝና ወራት ስለሆነ ያለጊዜው የተወለደ ወይም ሲወለድ ክብደቱ ትንሽ የነበረ ልጅ ቶሎ ያልቅበታል። እትብቱ እንዴት እንደተቆረጠም ለውጥ ያመጣል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 1 ደቂቃ ይጠበቅ የሚለው በዚያች ደቂቃ ከእንግዴ ልጁ ወደ ህፃኑ የሚሻገረው ደም የወራት አይረን ስለሚጨምርለት ነው።

6 ወር ሲሞላው ነገሩ ይቀየራል። የአሜሪካኖቹ መመሪያ ከ7 እስከ 12 ወር ላለ ህፃን በቀን 11 ሚሊግራም አይረን ይላል፣ ለአዋቂ ወንድ ደግሞ 8። አዎ ልክ ነው ያነበብሽው፣ ልጅሽ ካባቱ የበለጠ ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም 1 ዓመት ሲሞላው የተወለደበትን ክብደት 3 እጥፍ ያህል ይደርሳል፣ ያ ሁሉ አዲስ ደም ነው አዲስ ጡንቻ ነው። ይሄን ጡት ብቻውን ሊሸፍነው አይችልም፣ ስለዚህ ጡቱን ሳታቋርጪ ምግብ መጨመር አለበት፣ 9 ወር ላይ በእውነት ዘግይቷል።

ይስቃል ይጫወታል ያልሽው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ ሚዘናጋው እዚህ ጋ ነው። ሰውነት አይረን ሲያጥረው ያለችውን የሚያስቀድመው ለቀይ የደም ሴል ነው፣ ኦክስጅን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን ያለ አይረን አይሰራምና። ሌላው የሰውነት ክፍል፣ ብሬንም (አንጎልም) ጭምር፣ የተረፈውን ነው ሚያገኘው። መጀመሪያ መጠባበቂያው ያልቃል (ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ እሱን ነው የሚያሳየው)፣ ቀጥሎ ለየሴሉ የሚደርሰው ይቀንሳል፣ ሄሞግሎቢን የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። እና ልጅሽ 9.8 ላይ የደረሰው ትላንት ጀምሮ አይደለም፣ ጎተራው ባዶ ከሆነ ቆይቷል ማለት ነው።

ብሬን ደግሞ በዚህ እድሜ ስራ የሚበዛበት ጊዜ ነው። የነርቭ ሽቦዎቹን የሚሸፍነው ማይሊን የሚባለው ልባስ ሲሰራ አይረን ይፈልጋል፣ ዶፓሚን የሚባለውን የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ሲሰራ አይረን ይፈልጋል፣ የማስታወስ ነገር የሚያያዝበት ሂፖካምፐስም እንደዛው። ኮስታሪካ ውስጥ ቤትሲ ሎዞፍ የምትባል ሐኪም ከቡድኗ ጋር በህፃንነታቸው ከባድ የአይረን እጥረት የነበረባቸውን ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ለብዙ ዓመታት ተከታትላቸው ነበር፣ ደም ማነሱ በህክምና ተስተካክሎላቸው እንኳን ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላም ከዚያም በኋላ በችሎታ ፈተናዎች ከእኩዮቻቸው ወደኋላ ቀርተው ነው የተገኙት። ይሄን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም፣ በልጅሽም ላይ ይደርሳል እያልኩሽ አይደለም፣ እጥረቱ ምን ያህል እንደከፋና ምን ያህል እንደቆየ ትልቅ ልዩነት አለው። የምነግርሽ ሲሮፑን ነገ እጀምረዋለሁ ብለሽ እንዳታሳድሪው ነው።

አሰጣጡ፦ መጠኑ በክብደቱ ነው የሚሰላው፣ የተጻፈልሽን እንዳለ ስጪው፣ በማንኪያ በግምት ሳይሆን በመለኪያው ወይም በሲሪንጅ። ከወተት ጋር አትቀላቅዪው። ሲሪንጁን ወደ ጉንጩ ውስጠኛው በኩል አድርጊው፣ ጥርሱ ላይ ሲያርፍ ያጠቁራል፣ ሚለቅ ነው ግን ከሰጠሽው በኋላ ብትጠርጊለት ጥሩ ነው። ካካው ጥቁር ይሆናል፣ እሱ አያስደንግጥሽ። ከ4 ሳምንት በኋላ ደሙ በድጋሚ ይታይ፣ ሄሞግሎቢኑ 1 ያህል ከጨመረ መድኃኒቱ እየሰራ ነው ማለት ነው። እዚህ ጋ ተስተካክሏል ብለው የሚያቆሙት ብዙ ናቸው፣ አታቁሚ፣ ጎተራው እንዲሞላ ሌላ 2 ወይም 3 ወር ያስፈልገዋል። ካልጨመረ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ፌሪቲን ካዘዙለት ደግሞ ጉንፋኑ ከለቀቀው በኋላ ቢሰራ ይሻላል፣ ሰውነት ሲያተኩስና ሲቆጣ ፌሪቲን ከፍ ብሎ ደህና ሊመስል ይችላል።

ምግቡን በተመለከተ፣ በምላሱ ገፋው ማለት ጠላው ማለት አይደለም፣ አዲስ ነገር ሆኖበት ነው። አንዱን ምግብ 8ም 10ም ጊዜ በተለያየ ቀን ሞክሪ፣ በግድ ሳይሆን። በደንብ ተፈጭቶ የለሰለሰ ስጋ ወይም ዶሮ፣ የተፈጨ ምስር ወይም ባቄላ፣ አይረን የተጨመረበት የህፃናት እህል። ከስጋ የሚገኘው ሄም የሚባለው አይረን በቀላሉ ነው ወደ ደም ሚገባው፣ የእህልና የጥራጥሬው ግን ይከብዳል፣ ግን ከጎኑ ብርቱካን ወይም ቲማቲም ካለ ቫይታሚን ሲው ያግዘዋል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄን የምጠብቃት እኔ ነኝ፣ 1 ዓመት ከ7 ወሯ ነው። የላም ወተት በጣም ትወዳለች፣ በጡጦ በቀን አንድ ሊትር ታደርሳለች፣ ምግብ ግን እንቢ። አሁን ደግሞ አፈር እየለቀመች ትበላለች፣ ብቆጣም አትተውም። ሆዷን ትል ይዟት ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ ትል ሊኖር ይችላል፣ ሰገራዋ ይታይ፣ መንጠቆ ትል የሚባለው አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ ነው። እኔ ግን ከጻፉልኝ ውስጥ ቀድሜ የያዝኩት ያቺን አንድ ሊትር ወተት ነው። የላም ወተት ለአጥንት ጥሩ ነው፣ አይረን ግን የለውም በሚባል ደረጃ ነው፣ ካልሲየሙ ደግሞ ከሌላ ምግብ የሚመጣውን አይረን ያደናቅፋል፣ ከሁሉ በላይ ግን ሆዷን ሞልቶ ምግብ እንዳትፈልግ ያደርጋታል። ሰው ደግሞ ወተት እየጠጣች ነው ብሎ ተረጋግቶ ይቀመጣል፣ ልጅቷም ወፈር ብላ ስለምትታይ ማንም አይጠረጥርም። (1 ዓመት ላልሞላው ልጅማ የላም ወተት እንደ ዋና መጠጥ ጭራሽ አይሰጥም፣ የአንዳንዱን ህፃን አንጀት በዓይን በማይታይ መጠን ያደማል።)

አፈር መብላቱ እራሱ ምልክት ነው። አይረን ያነሰው ልጅም አዋቂም አፈር፣ ኖራ፣ በረዶ የመሳሰለውን ሊያምረው ይችላል፣ ባህሪ ተበላሽቶ አይደለም፣ እባክዎ አይምቷት። አይረኑ ሲስተካከል አብዛኛውን ጊዜ አምሮቱም ይጠፋል። አፈሩ ግን መቆም አለበት፣ ትሉ የሚመጣውም ከዛ ነው፣ አይረን ያጠረው አንጀት ደግሞ አፈር ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ካለ እሱንም አብልጦ ይስባል።

ወተቱን በአንድ ቀን አይንጠቋት፣ ቀስ እያሉ በቀን ወደ ግማሽ ሊትር ያውርዱት፣ ጡጦውን በኩባያ ይቀይሩት፣ ምግብ መጀመሪያ ወተት በኋላ ይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ አለው፣ ያውቁታል፣ ያሳለፉት ነገር ነው። ለናቷም ይንገሯትና በዚህ ሳምንት ደሟ ይታይ።

ጥያቄ፦ የ5 ወር ነፍሰጡር ነኝ። የሚሰጡኝ የአይረን ኪኒን ሆዴን እያደረቀ ስላስቸገረኝ አቆምኩት፣ በምትኩ በየቀኑ የቀይ ስር ጁስ እጠጣለሁ፣ ደም ይሆናል ስላሉኝ። ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃሽም እህቴ። ቀይ ስር ጥሩ አትክልት ነው፣ ቅላቱ ግን ቀለም ብቻ ነው፣ ከደም ቅላት ጋር ምንም አያገናኘውም፣ 100 ግራሙ ውስጥ ያለው አይረን 1 ሚሊግራም አይሞላም። ላንቺ ደግሞ አሁን በቀን 27 ሚሊግራም ነው ሚመከረው፣ የራስሽ ደም መጠን እየጨመረ ነው፣ እንግዴ ልጁ አለ፣ ከላይ ለእህታችን የነገርኳት ስንቅም ከአሁን ጀምሮ እስክትወልጂ ነው የሚሞላው። ባጠቃላይ አንድ እርግዝና 1 ግራም ያህል አይረን ይፈጃል፣ የአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው በሙሉ ከ3 እስከ 4 ግራም እንደሆነ አስቢው።

ሆድ ማድረቁ እውነተኛ ችግር ነው፣ ቻዪው አልልሽም። ግን ሳታቆሚው ብዙ ማረግ ይቻላል። ውሃ ጨምሪ፣ ፋይበር ያለው ምግብ ጨምሪ፣ በባዶ ሆድ ካልተስማማሽ ከትንሽ ምግብ ጋር ውሰጂው። ሻይና ቡና ከኪኒኑም ከምግቡም አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው፣ የካልሲየም ኪኒን ካለሽ ደግሞ በሌላ ሰዓት ይሁን። ካልተሻለሽ ዓይነቱ ወይም መጠኑ እንዲቀየርልሽ ጠይቂ። በየቀኑ በመውሰድ ፈንታ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድም አለ፣ አይረን ስንወስድ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ይለቅና የአንጀትን በር ለአንድ ቀን ያህል ያጠብባል፣ ስለዚህ በማግስቱ የሚወሰደው ብዙው ሳይገባ ያልፋል። በእርግዝና ላይ ግን ይሄንን በራስሽ አትወስኚ፣ ደም ማነስ ያለባትና የሌለባት አንድ አይደሉም፣ ከምትከታተይበት ባለሙያ ጋር ተነጋገሪ። ሌላው፣ ጉበት አይረን አለው ብለሽ እንዳታዘወትሪ፣ ቫይታሚን ኤው በጣም ብዙ ስለሆነ ለጽንሱ አይመከርም።

ጥያቄ፦ 56 ዓመቴ ነው፣ ወንድ ነኝ። ድካም በዛብኝ ብዬ ስመረመር አይረንህ በጣም ዝቅ ብሏል ተባልኩ። ኪኒኑን ገዝቼ ብጀምረውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኪኒኑ ይጀመር፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ወንድ ልጅ በቀን የሚያጣው አይረን 1 ሚሊግራም ገደማ ነው፣ በደህና ሁኔታ እየበላ ይሄን ያህል ከወረደ ደሙ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው ብለን ነው መነሳት ያለብን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ነው። ቁስለት ሊሆን ይችላል፣ ለህመም የሚወሰዱ መድኃኒቶች ያመጡት ሊሆን ይችላል፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል፣ በጊዜ ሲገኝ ደግሞ ሚታከም ነው። የጨጓራና የአንጀት ምርመራ ሳይደረግልህ እንዳታልፈው፣ ኪኒኑ ድካሙን አስታግሶ ዋናውን እንዳይደብቅብህ እሰጋለሁ። የወር አበባቸው ያቆመ እህቶችም ጉዳዩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ አይረን ለብሬን ጥሩ ነው ከተባለ ጤነኛ ለሆኑ ልጆቼ ሲሮፑን ገዝቼ ብሰጣቸው ጎበዝ ይሆናሉ?

መልስ፦ አይሆኑም፣ ያልጎደለውን መሙላት አይቻልም። ሰውነት ብዙ ነገሮችን በሽንት ያስወግዳል፣ ትርፍ አይረንን ግን ሆን ብሎ የሚያስወጣበት መንገድ የለውም፣ መቆጣጠር የሚችለው ሲገባ አንጀት ላይ ብቻ ነው። ታላሴሚያ የመሰለ በዘር የሚመጣ የደም ችግር ያለበት ልጅ ደሙ ያነሰ ይመስላል፣ አይረኑ ግን ትርፍ ሊሆን ይችላል። ወባ በሚበዛበት አካባቢም የዓለም ጤና ድርጅት ለህፃናት አይረን የሚሰጠው ከወባ መከላከልና ህክምና ጋር ተያይዞ ይሁን ይላል፣ ምክንያቱም 2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ፣ ወባ ይበዛበት በነበረው የፔምባ ደሴት (ዛንዚባር) የተደረገ ጥናት ላይ ለሁሉም ህፃን በደፈናው የተሰጠው አይረንና ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ከባድ ህመምና ሞት ጨምሮ ታይቷል። ስለዚህ ምግባቸውን አስተካክሉ፣ ጥርጣሬ ካለ ደማቸውን አስመርምሩ።

እና ቤት ውስጥ አይረን ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ ነፍሰጡር ያለበት ቤት፣ ኪኒኑ ከረሜላ ስለሚመስል ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ሲሮፑም እንደዛው። ህፃን ልጅ ብዙ ከዋጠ ያስታውከዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ከዛ ለሰዓታት የተሻለው ይመስላል፣ ያን ጊዜ ግን መርዙ ጉበቱንና ልቡን እየጎዳ ሊሆን ይችላል። ተሽሎታል ብላችሁ አትጠብቁ፣ የኪኒኑን ዕቃ ይዛችሁ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።